በቅል ልክ የተሠራ ታንክ

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ። እኔ ጤፍ አልተበደርኩም፤ ሳይቸግረኝ የሠራሁት ታንክ ነው።

አትደንግጡ። ታንኩ አሶሳ፣ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ከዘይት ጀሪካን፣ ከቅል፣ ከጫማ ቀለም ክዳንና ከቀርከሃ የሠራሁት የታንክ ሞዴል ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ለልጅህ ነው?» ብሎ ነው። «አይ፣ ለአማቼ ነው» ስለው ከዚያ በላይ መስማት አይፈልግም። እናንተ ግን አንዴ ጀምራችሁታልና ጨርሱት።

አማቼ ጋሽ ይመር በደርግ ጊዜ ከወሎ ተነሥተው እዚህ ከሰፈሩት አንዱ ናቸው። መንደራቸው እስከ ዛሬ የሚጠራው በቁጥር ነው። ሰው በቁጥር በሚጠራ መንደር ውስጥ ልጅ ሲወልድ ስም ማውጣት ሳያምረው አይቀርም መሰለኝ፣ ጋሽ ይመር የመጀመሪያ ልጃቸውን ብርቱካን፣ ሁለተኛዋን ሎሚ አሏቸው። አገሩ ግን የማንጎ አገር ሆኖ ተገኘ። ብርቱካንን ያገባሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ ይመር ገና መንደሩን ሳይለምዱት ለውትድርና ተወሰዱና የታንክ ሹፌር ሆኑ። መንግሥት ሲለወጥ በእግራቸው ተመልሰው መጡ። ስለዚያ ዘመን የሚናገሩት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ታንክ ነድቻለሁ» ይላሉ፣ ከዚያ ወሬው ወደ በቆሎ ይዞራል። ሰው መልሶ ወደ ታንኩ ሊያመጣቸው ቢሞክር በቆሎው ወደ አኩሪ አተር ያልፋል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም።

የእኔና የሳቸው ነገር የተበላሸው ገና በሽምግልናው ማግስት ቤታቸው በሄድኩበት ቀን ነው። አዲስ አማች እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም ተብሎ ተመክሬ ስለነበር፣ ደጅ ያለውን ግንድ አይቼ «ጋሼ፣ እስኪ ልፍለጠው» አልኩ። መጥረቢያውን ሰጡኝ። አነሣሁ፣ ሰነዘርኩ፣ ግንዱን ሳትኩ። መጥረቢያው ድንጋይ አገኘና ዛቢያው ከመሃል ተሰበረ። ዛቢያው ጋሽ ይመር ሰፈራ ሲመጡ ከወሎ ይዘውት የመጡት የወይራ እንጨት እንደነበረ የሰማሁት ማታ ከብርቱካን ነው። እሳቸው አልተቆጡም። የቢሮ ሠራተኛ መሆኔን ያውቃሉና «ግድ የለም፤ ብዕር ቀላል ነው» ብቻ አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ስለት ያለው ነገር እጄ ገብቶ አያውቅም። በማንጎ ወራት ሁሉም ሰው ጋሽ ይመር ከኪሳቸው የማትለየውን ሰንጢ እየተቀባበለ ሲልጥ፣ እኔ ጋ ስትደርስ ጋሽ ይመር «ለሱስ ብርቱካን ትላጥለት» ይላሉ። ስሜንም አይጠሩም። ለሰው ሲያስተዋውቁኝ «ይሄ የብርቱካን ባል ነው» ነው የሚሉት። ይህ ውሸት አይደለም፣ ግን ሰው ዕድሜውን ሙሉ በሚስቱ ስም ሲጠራ ትንሽ ይከፋዋል።

ይህ ሳያንስ የሎሚ ባል ደሳለኝ አለ። ደሳለኝ ጉባ፣ ግድቡ ጋ በብየዳ ሥራ የኖረ ሰው ነው። በየበዓሉ ሲመጣ ራሱ የበየደውን ብረት ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጊዜ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ጊዜ ለእማማ ሙሉ፣ ለአማቴ ማለቴ ነው፣ የሳህን መደርደሪያ። እኔ ስኳር ይዤ እሄዳለሁ። ስኳሩ በሳምንቱ ያልቃል፣ ብረቱ ግን አለ። ደሳለኝ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር፤ እሱ ግን ጨዋ ነው፣ እኔን ሲያይ ተነሥቶ የሚስም፣ «ወንድሜ» የሚል ሰው ነው።

ታዲያ ክረምቱ ሲገባ ጋሽ ይመር የሣሩን ቤት አፍርሰው የቆርቆሮ ቤት መሥራት ጀመሩ። ዝናቡ ሲያበቃ የቤት ምርቃት ይሆናል ተባለ። ደሳለኝ ወዲያው የብረት በር እሠራለሁ ብሎ ላከ።

«እኛስ?» አለች ብርቱካን። «ጥሩ ብርድ ልብስ ብንገዛ?»

«እኔ የምሠራው ነገር አለ» አልኩ።

«አንተ?» አለች፣ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ። «በምን?»

በምን እንደሆነ ለጊዜው አላወቅሁም ነበር። ያወቅሁት ከቀናት በኋላ ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ ሳይ ነው። አንድ ፀጉሩ የሸበተ ፈረንጅ፣ ዕቃው ሁሉ በትንንሽ መሳቢያ የተደረደረበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ አንድም ቃል ሳይናገር ከነጭ ፕላስቲክ ታንክ ይሠራል። ሲቆርጥ አይንቀጠቀጥም፣ ሲያጣብቅ አይቆሽሽም። በትዕግሥት የሚሠራ ሰው ማየት እንዴት ደስ ይላል! እኔም እንደ እሱ መሆን አማረኝ፣ ደግሞ ሐሳብ መጣልኝ። ሰው ያረሰበትን በሬ ይወዳል፤ የነዳውን ታንክ ለምን ይጠላል? ጋሽ ይመር የነዱትን ታንክ በእጄ ሠርቼ አዲሱ ቤታቸው ቡፌ ላይ ባስቀምጥ፣ የዛቢያው ነገር ተረስቶ ስሜ ይመለሳል ብዬ ደመደምኩ። ብርቱካን «አባባ ታንክ ይወዳል ያለህ ማነው?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔ ቪዲዮውን እንደገና ከፈትኩት።

ፈረንጁ የሚቆርጠውን ፕላስቲክ ፍለጋ ገበያ ወጣሁ። ባለሱቁ ብዙ አስቦ አበባ ያለበት የጠረጴዛ ፕላስቲክ ዘረጋልኝ። ተመልሼ የቤቱን ዕቃ ሳይ ቢጫው የዘይት ጀሪካን ታየኝ። እናንተ ውኃ በተራ የማይመጣበት ከተማ የምትኖሩ ከሆነ አይገባችሁም እንጂ፣ እኛ ዘንድ ጀሪካን ዕቃ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ስለዚህ የምታፈሰዋ ናት ያልኳትን መርጬ ቆረጥኩ። የምታፈሰው ሌላዋ ነበረች።

የታንኩ ገላ ከሞላ ጎደል ወጣ። የቸገረኝ ጭንቅላቱ ነው፤ ያ ላዩ ላይ የሚዞረው፣ መድፉ የተሰካበት ክብ ነገር። ጀሪካን ጠፍጣፋ ነው፣ እንዲያ አይጎብጥም። ይህን ሳስብ የጎረቤቴ የአብዱልቃድር ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቅል አየሁ። አብዱልቃድር የአሶሳ ተወላጅ፣ በኩርሙክና በአሶሳ መካከል ሳሙናና ስኳር የሚያመላልስ በርታ ነጋዴ ነው። ሚስቱ ቅሉን ሳታቅማማ ሰጠችኝ። ለሁለት ስሰነጥቀው ግማሹ ቁርጥ የታንክ ጭንቅላት!

ችግሩ፣ ቅሉ ከታንኩ ገላ ይበልጣል። አናቱ ላይ ሳስቀምጠው ታንኩ የአባቱን ባርኔጣ ያደረገ ልጅ መሰለ። ብልህ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ቅል ይፈልጋል። እኔ ታንኩን አሳደግሁት። ታንኩን ለማሳደግ ሁለተኛ ጀሪካን ሄደ፣ አሁንስ የምታፈሰዋ ናት። ታንኩ ሲያድግ ለጎማ ያዘጋጀሁት ቆርኪ አነሰና የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ክዳን ፍለጋ ከተማውን ዞርኩ። ሊስትሮዎቹ ይጠብቁልኝ ጀመር። «ጋሼ፣ ዛሬ ጥቁር ነው ያለው፣ ቡኒ ነገ ይመጣል» ይሉኛል፣ ቀለሙን የምበላው ይመስል። የጎማው ሰንሰለት ከአሮጌ ካላማዳሪ ተቆረጠ። ፈረንጁ ሁሉን ነገር በልኬት ነው የሚሠራው፤ እኔም ልኬት ነበረኝ፣ ልኬቴ ቅሉ ነው። ሲያልቅ አልጋ ሥር አልገባም አለ።

መድፉን ከቀርከሃ ለመሥራት ከከተማው ወጣ ብዬ አንድ ለጋ ቀርከሃ ቆርጬ መጣሁ። የኛ የቆላ ቀርከሃ እንደ ደጋው ውስጡ ክፍት አይደለም፣ ድፍን ነው። አፉን ለመብሳት ሚስማር እሳት ላይ አግዬ ስወጋው አብዱልቃድር በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ጎረቤት፣ ይሄ ቀርከሃ መቼ ቆረጥካት?»

«ትናንት።»

«ትናንት ክረምት ነው» አለ ደንግጦ። «ክረምት ቀርከሃ አይቆረጥም። ወላሂ፣ ነቀዝ ትበላዋለች። በጋ ቁረጥ፣ ኸላስ፣ አለቀ፣ አንተ ታረጃለህ እሱ አያረጅም።»

«የምሠራው አጥር አይደለም፣ መድፍ ነው» አልኩት።

«ነቀዝ መድፍ አያውቅም» አለና ወደ ሥራው ሄደ።

አብዱልቃድር በዚያው ሰሞን «ዛሬ ዝናብ የለም» ብሎኝ ያሰጣሁት ልብስ ሁሉ የራሰበት ሰው ስለሆነ ምክሩን አልሰማሁም። ሰው አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ሁልጊዜ ይሳሳታል ማለት ለሰነፍ በጣም ይመቻል። በዚያ ላይ በጋ እስኪመጣ ብጠብቅ ምርቃቱ ያልፍብኛል።

ለማጣበቂያም ቢሆን የደረሰልኝ ራሱ አብዱልቃድር ነው። ከኩርሙክ ጽሑፉ ሁሉ ዐረብኛ የሆነ ማስቲሽ አመጣልኝ። «ምን ይላል?» ስለው ብልቃጡን ዓይኑ ድረስ አስጠግቶ «ከልጆች አርቅ ይላል» አለኝ።

«ሌላስ?»

«ሌላው ጽሑፍ ትንንሽ ናት፣ አይታይም።»

ያ ትንንሹ ጽሑፍ ስለ ጣት ነበር መሰለኝ። የታንኩ ጭንቅላት እንዲዞር አድርጌ፣ ከሥሩ የእስክሪብቶ ክዳን ሰክቼ፣ ማስቲሹን በዙሪያው ሳይሆን በመሃሉ ብቻ እያደረግሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ አለቃዬ ነው። ወደ ስልኩ ስዞር ብልቃጡ ተደፋ፣ ሳነሣው ግራ እጄ በቅሉና በጀሪካኑ መካከል ቀረ። አለቃዬ «ያ ሪፖርት ምን ደረሰ?» ሲል ሰማሁት። ሪፖርቱም እኔም የትም አንደርስም ነበር። በዚያችው ቅጽበት ብርቱካን ከጓሮ «ውኃ መጣ!» ብላ ጮኸች።

ውኃ ሲመጣ ምክንያት የሚባል ነገር የለም። ግራ እጄ ላይ ታንክ፣ ቀኝ እጄ ላይ ጀሪካን ይዤ ቦኖው ጋ ተሰለፍኩ። የሰፈሩ ሴቶች ምን ሆነህ ነው ብለው አልጠየቁኝም፤ ብርቱካንን ነው የጠየቋት፣ «ደኅና ነው ወይ?» ብለው፣ በሹክሹክታ። በመጨረሻ አብዱልቃድር በጋዝ እየነከረ፣ እየሳቀ፣ ቆዳዬን ከቅሉ ለየልኝ። የታንኩ ጭንቅላት ግን እንደዚያው ደርቆ ቀረ። መዞሩ ቀርቶ መድፉ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ፣ ልክ በሹፌሩ ክዳን ላይ ቆመ።

የሹፌሩን ክዳን ሳልነግራችሁ። ከታንኩ ፊት በግራ በኩል ሹፌሩ የሚገባባት ክብ ቀዳዳ አለች። ጋሽ ይመር የሚቀመጡባት ናትና ከሁሉ አስበልጬ የለፋሁት በሷ ነው። ቀዳዳዋን በምላጭ ፈልቅቄ፣ ክዳኗን ከመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ሠርቼ፣ በጉዞ እንዳይወድቅ ጥርቅም አድርጌ አጣበቅሁት። በኋላ መድፉ ተጋደመባት። ምንም አይደለም፣ ትታያለች አልኩ።

አረንጓዴ ቀለም ቀብቼ ደጅ ሳደርቀው አንድ የጭነት መኪና አልፎ አቧራውን ለቀቀበት። ቀይ የአሶሳ አቧራ እርጥቡ ቀለም ላይ ተጋገረና ታንኩ ብዙ ዘመቻ ያየ መሰለ። ከሥራው ሁሉ ያማረው ይኸው ነው፣ እኔ ያልነካሁት። በየጠዋቱ ወጥቼ አየዋለሁ። ከመድፉ አፍ ሥር ትንሽ ነጭ ዱቄት እየተጠራቀመ ነበር፤ የብርጭቆ ወረቀት ትራፊ ነው ብዬ እፍ እለዋለሁ። በነጋታው እንደገና አለ። እንደገና እፍ።

የምርቃቱ ቀን ደረሰና ታንኩን በብርቱካን ነጠላ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ባጃጅ ተሳፈርን። መንገዱ ላይ ኬላ አለ። ጠባቂው ጎንበስ ብሎ አየን።

«እሱ የተጠቀለለው ምንድን ነው?»

ብርቱካን «ስጦታ ነው» ልትል አፏን ስትከፍት እኔ ቀድሜ «ታንክ ነው» አልኩ። እውነት የተናገረ ሰው አይጠየቅም ይመስለኝ ነበር።

ጠባቂው ወደ ኋላ ሸሸት አለ። የባጃጁ ሹፌር፣ ከብርቱካን ጋር አብሮ የተማረ፣ ጠዋት ቤታችን ቁርስ የበላ ሰው፣ «እኔ አላውቃቸውም» አለ። ከማንጎው ጥላ ሥር የጠባቂው አለቃ ተነሥቶ መጣ። ነጠላውን ገለጥኩለት።

«የምን ታንክ ነው?»

«የድሮ፣ የሩሲያ።»

«ይሠራል?»

«አይሠራም።»

«ምን ሆኖ?»

ቅሉን በጣቴ ኳ ኳ አደረግሁለት።

«ፈቃድ አለው?»

«ከቅል ነው እኮ የተሠራው፣ ጌታዬ።»

«ቅልማ ፈቃድ አያሻውም» አለ ለራሱ እንደሚናገር። «ታንክ ግን…» ብሎ ወደ ሰማይ አየ። ሰውየው በእውነት ተቸግሮ ነበር፤ ሕግ መኖሩንም አለመኖሩንም አያውቅም፣ ሁለቱም ያስፈራሉ። በመጨረሻ «እሺ፣ እለፉ። ግን መድፉን ወደ ኬላው አታዙሩት። ወደ ሌላ አዙሩት» አለ።

ጭንቅላቱ ስለማይዞር ታንኩን በሙሉ አዞርኩት። ከዚያ እስከ መንደሩ የመድፉ አፍ የራሴን ሆድ እያየ ተጓዝኩ። ስንወርድ ሱሪዬ ላይ ነጭ ዱቄት አየሁ። የመንገድ አቧራ ነው ብዬ አራገፍኩት። የኛ አቧራ ቀይ መሆኑን አጥቼው አይደለም።

ድግሱ ሞቅ ብሏል። የደሳለኝ የብረት በር ተገጥሟል፤ የሚገባው ሁሉ በእጁ መታ መታ እያደረገ «ይሄ ነው በር!» ይላል። በሩም ድም፣ ድም ይላል። አብዱልቃድርም የጋሽ ይመርን አኩሪ አተር ስለሚገዛ ተጠርቶ ቀድሞን ደርሷል። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲያበቁ እማማ ሙሉ «የብርቱካንስ ባል ምን ይዞ መጣ?» አሉና ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ነጠላውን አነሣሁት።

ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አንዲት አሮጊት «የምን ኤሊ ናት?» ሲሉ ሰማሁ። «ታንክ ነው እማማ» አልኩ። «ጋሼ የነዱትን ዓይነት።» ጋሽ ይመር ከተቀመጡበት አልተነሡም፤ ያያሉ፣ ግን ፊታቸው ምንም አይናገርም። ደሳለኝ፣ ያ ጨዋ ሰው፣ አሳዝኜው ነው መሰለኝ «ወንድሜ፣ ጎበዝ! ሁሉም ይየው እንጂ» ብሎ ታንኩን ወደ እንግዶቹ ሊያዞር ብድግ አደረገውና መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ቀስ ብሎ ነበር፤ እምላለሁ፣ ቀስ ብሎ።

ከመድፉ አፍ ነጭ ዱቄት ሸሸሸ እያለ ይወርድ ጀመር። ንጹሑ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ክምር ሠራ።

«ይተኩሳል እንዴ?» አለ አንዱ።

ቀጥሎ መድፉ ጎንበስ አለ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ቀጭ ብሎ ተሰበረ፣ ወረደ፣ ተንከባለለና ጋሽ ይመር እግር ሥር ቆመ። ከስብራቱ አንዲት ትንሽ ጥቁር ነቀዝ ወጥታ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ ተመልሳ ገባች።

ሳቁ አዲሱን ቆርቆሮ አናወጠው። አብዱልቃድር ጭኑን እየመታ «ተናግሬ ነበር! ነቀዝ መድፍ አያውቅም አልኩት፣ ወላሂ!» ይላል። ብርቱካንም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ አልፈርድባትም። እኔ አፈርኩ። በቀልድ አላለፍኩትም፣ ዕንባዬ መጥቶ ነበር። አንድ ዛቢያ ሰበርኩ፣ ሊያስረሳልኝ የሠራሁት ነገር ደግሞ በሕዝብ ፊት ራሱን ሰበረ። ከእንግዲህ እስክሞት የብርቱካን ባል ነኝ ብዬ ቁርጤን አወቅሁ።

ጋሽ ይመር ግን አልሳቁም። ተነሥተው መጡ፣ ታንኩ ፊት ቁጢጥ አሉ። የወደቀውን መድፍ አላዩትም። በግራ በኩል ያለችውን ክዳን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሊያነሡ ሞከሩ። እንቢ አለች።

«ይሄ አይከፈትም?» አሉ።

«አይ ጋሼ፣ ተጣብቋል።»

«ሹፌሩስ በየት ይወጣል?»

አሽሙር መሰለኝ። «ሹፌር የለውም እኮ ጋሼ» አልኩ፣ ለመሳቅ እየሞከርኩ።

«ሹፌርማ አለው» አሉ። ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ። «መድፉ ክዳኑ ላይ ኸቆመ አይከፈትም። የኛም እንዲሁ ግራውን ይዞ ቁሞ ቀረብኝ፣ ታንኩ በእሳት ሲነድ። ከታች ብገፋ፣ ብገፋ፣ እንቢ። ተኳሹ፣ ጌጡ የሚሉት፣ እላይ ሁኖ በእጁ አዙሮ፣ አዙሮ፣ መድፉን ኸላዬ አነሣልኝ። ወጣሁ።»

ክዳኗን በጥፍራቸው ነካ አደረጉ።

«እሱ አልወጣም» አሉ።

ጌጡ የሚባል ሰው መኖሩን በዚያ ቤት የሚያውቅ አልነበረም። እማማ ሙሉ እንኳ ማማሰያውን እንደያዙ ቆመው ባላቸውን እንደ እንግዳ ያዩ ነበር። ስንቱ ሰው፣ ስንት ጊዜ ጠይቋቸው በቆሎ ያወሩበት ነገር እንዲህ ባለች ክዳን ወጣ። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ የጠረጴዛውን ዱቄት በእጄ እሰበስብ ነበር።

ያኔ ነው ጋሽ ይመር ወደ መሬት፣ ወደ ተሰበረው ቀርከሃ ያዩት። «መውደቁ ደግ ነው» አሉ። ከዚያ ኪሳቸው ገቡ፣ ያቺን የማንጎ ሰንጢ አወጡ፣ ገለጧት፣ እጀታዋን ወደ እኔ አዙረው ዘረጉልኝና በስሜ ጠሩኝ። ስሜን ማወቃቸውን ያወቅሁት ገና ያን ጊዜ ነው።

«እስቲ ክፈተው» አሉ።

ዛቢያው ትዝ አለኝ። ሰንጢዋን በክዳኑ ጠርዝ አስገብቼ፣ ያንን የኩርሙክ ማስቲሽ እየረገምኩ፣ ቀስ ብዬ ዞርኩት። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ምንም ሳልሰብር ክዳኑ ሙሉውን ተነሣ። ጋሽ ይመር ተቀብለውኝ ከቀዳዳው አጠገብ አስቀመጡት። ትንሿን ጣታቸውን አስገብተው ውስጡን ዳሰሱት።

«ጠባብ ነበረች» አሉ። ቀጥሎም ተነሡና «በሉ፣ ምን ትጠብቃላችሁ፣ እህል ይቅረብ» አሉ።

ታንኩ አሁን አዲሱ ቤት፣ ቡፌው ላይ ነው። ደሳለኝ ከብረት መድፍ ልሥራለት ብሎ ነበር፤ ጋሽ ይመር አያሻውም አሉት። በማንጎ ወራት ሰንጢዋ እንደ ማንም ሰው ለኔም ትደርሰኛለች፤ ባለፈው ጣቴን ቆርጬ ብርቱካን ስታስር፣ ጋሽ ይመር አይተው እንዳላዩ ዞሩ። እማማ ሙሉ ቡፌውን በወለወሉ ቁጥር ያቺን ክዳን ቀዳዳዋ ላይ ይመልሷታል። ስንሄድ ሁልጊዜ ተነሥታ ከቀዳዳዋ አጠገብ ተቀምጣ እናገኛታለን።